በ62 ዓመቴ በግራ እግሬ ብቻ ዐሥር ሰከንድ መቆም አቃተኝ፤ ምን ያህል ሊያሳስበኝ ይገባል?

ጠያቂ፦ ቶርነሪው (ድሬዳዋ)

ጤና ይስጥልኝ።

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ዕድሜዬ 62 ሲሆን የሥራ ዘመኔን በአብዛኛው ያሳለፍኩት በምድር ባቡር ወርክሾፕ ከቶርኖ ማሽን ፊት ቆሜ ስለሆነ፣ ስለ እግሬ ጥንካሬ ተጠራጥሬ የማውቅ ሰው አይደለሁም። አሁንም ፀሐዩ ሳይበረታ ማለዳ ተነሥቼ ደቻቱን ተሻግሬ እስከ መጋላ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ። ለደም ግፊት በቀን አንድ ክኒን እወስዳለሁ፤ ከዚያ ውጭ ሐኪም ያገኘብኝ ሕመም የለም።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ በአንድ ወዳጄ ቤት ለበርጫ ተሰብስበን ሳለ፣ የወዳጄ ልጅ ስልኩን ይዞ ገባና በአንድ እግሩ ዐሥር ሰከንድ መቆም ያልቻለ ሰው ዕድሜው አጭር መሆኑን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል የሚል ቪዲዮ አሳየን። ነገሩ እንደ ቀልድ ተጀምሮ ሁላችንም በየተራ ተነሣን። ተራዬ ሲደርስ እዚያው ከተቀመጥኩበት ፍራሽ ላይ ቆምኩና በቀኝ እግሬ 14 ሰከንድ ያህል ቆየሁ። ወደ ግራው ስዞር ግን ቁርጭምጭሚቴ ወዲያና ወዲህ ይዋዥቅ ጀመር፤ ልጁ "አራት" ብሎ ሲቆጥር እጄ ግድግዳውን ይዞ ነበር። ደገምኩት፤ 6 ደረስኩ። ሦስተኛውን ሙከራ መከዳው ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት ብል ይቀላል።

ሳቁ አልፎ ዕንቅልፍ የነሣኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። የወዳጄ ታላቅ እኅት 70 ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸውም ሁላችንም እናውቃለን። ቡና ይዘው ሲመጡ በሩ ላይ እንደ ቆሙ ምን እያደረግን እንደሆነ ጠየቁ፤ ሲነገራቸውም ትሪውን ለልጁ አቀብለው አንድ እግራቸውን አነሡ። ልጁ 20 ብሎ ሲቆጥር "በቃኝ፣ ጀበናው ይገነፍላል" ብለው እግራቸውን አወረዱ እንጂ የደከማቸው አይመስሉም ነበር።

ስለዚህ ልጠይቅ የምወደው፣ ይህ ዐሥር ሰከንድ የሚባለው ነገር በእርግጥ የሰውን እርጅና የሚለካ ነው ወይስ የስልክ ወሬ ብቻ ነው? መለኪያ ከሆነስ የሚለካው ምንን ነው? በትክክል የሚፈተነው እንዴት ነው? አንዱ እግር ከሌላው ይህን ያህል መለየቱ ምን ያሳያል? በልምምድ የሚሻሻል ከሆነም በኔ ዕድሜ የሚቻለውን ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።


ምላሽ፦ ፊዚዮ ሐረር

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በሐረርም በድሬም ታላቅን "አንተ" ማለት የፍቅር መሆኑን ባውቅም፣ በጽሑፍ ሲሆን ግን እጄ እሺ ስለማይለኝ "እርስዎ" እያልኩ ልቀጥል። ሐረር ውስጥ በፊዚዮቴራፒ ሙያ አገለግላለሁ።

በቅድሚያ ቪዲዮው ያዛባውን ላቃና። የወሬው ምንጭ እ.ኤ.አ. በ2022 በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ስፖርትስ ሜዲስን ላይ የወጣ የብራዚል ጥናት ነው። በሪዮ ዴ ጄኔሮ፣ ዕድሜያቸው ከ51 እስከ 75 ዓመት የሆኑ 1,702 ሰዎች በአንድ እግር ዐሥር ሰከንድ እንዲቆሙ ተደርጎ፣ ከዚያ በኋላ በአማካይ ለሰባት ዓመት ያህል ማን በሕይወት እንዳለና ማን እንዳረፈ ተከታትለዋቸዋል። ከአምስቱ አንዱ ያህል ዐሥሩን ሰከንድ መሙላት አልቻለም። ከ51 እስከ 55 ባሉት ያልቻሉት ከመቶ 5 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ በእርስዎ የዕድሜ ክልል ማለትም ከ61 እስከ 65 ባሉት ከመቶ 18 ገደማ፣ ከ71 እስከ 75 ባሉት ደግሞ ከግማሽ በላይ ናቸው። ያልቻሉት ሰዎች በክትትሉ ዘመን የመሞት ዕድላቸው ከቻሉት ይልቅ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል።

ቪዲዮው ያልነገራችሁ ግን አለ። በጥናቱ ተፈታኙ በፈለገው እግር መቆም ይችል ነበር፤ እስከ ሦስት ጊዜም ይሞክር ነበር፤ ከዚያ ውስጥ አንዱን ከሞላ አለፈ ይባላል። እርስዎ በቀኝ እግርዎ 14 ሰከንድ ስለቆሙ፣ ዕንቅልፍ በነሣዎት በዚያው ጥናት መለኪያ አልፈዋል ማለት ነው።

አፈታተኑም እንዲህ ነው። ጫማ ይወልቃል፤ ወለሉ ጠንካራና ደረቅ መሆን አለበት፤ የተነሣው እግር የፊተኛው ክፍል በቆመው እግር ባት በኩል ከኋላ ይለጠፋል፤ ሁለቱ እጆች በጎን ይወርዳሉ፤ ዓይን በፊት ለፊት ባለ አንድ ነጥብ ላይ ይተከላል። ሰዓት የሚይዝ ሰው በክንድ ርቀት ይቆማል፤ ግድግዳ ወይም ከባድ ጠረጴዛም ቅርብ ይሁን። የእርስዎ ፈተና የተካሄደው ፍራሽ ላይ መሆኑን ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ እኛ በሥራችን አስቸጋሪ እንዲሆን ስንፈልግ ሰውን ስፖንጅ ላይ የምናቆመው ሆን ብለን ነው። ለስላሳ ነገር የእግር መዳፍ ወደ አንጎል የሚልከውን መልእክት ያደበዝዘዋል። እትዬ ግን በሩ ላይ፣ ይመስለኛል ሊሾው ላይ ነው የቆሙት። ጫትም የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ሌሊት ዕንቅልፍ ማጣት ደግሞ በማግስቱ የሰውነትን መወዛወዝ ይጨምራል። ስለዚህ ፈተናውን ከበርጫ በኋላ ሳይሆን በደንብ በተኙበት ሌሊት ማግስት፣ ማለዳ ይድገሙት።

የሚለካው ምንድን ነው ላሉት፣ አንድ ነገር ብቻ ባለመሆኑ ነው ፈተናው የሚጠቅመው። በሁለት እግር ስንቆም ክብደታችን የሚያርፍበት ሰፊ መሬት አለ፤ አንዱ ሲነሣ ያ መሬት የአንድ እግር መዳፍ ያህል ይጠባል፤ ሰውነትም ከዚያ ጠባብ ቦታ እንዳይወጣ በየቅጽበቱ መታረም አለበት። እርማቱን የሚያዝዘው አንጎል ወሬ የሚያገኘው ከሦስት ወገን ነው። አንደኛው ዓይን ነው፤ ሁለተኛው የራስን መዞርና ማዘንበል የሚያውቀው ውስጠኛው ጆሮ ነው፤ ሦስተኛው ከእግር መዳፍ፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው ስሜት ነው፤ ጨለማ ውስጥም ሆነን እግራችን የት እንዳለ የሚነግረን እርሱ ነው። ሦስቱን ወሬ በማስማማት ትንሹ አንጎል ትልቅ ድርሻ አለው፤ ትእዛዙ ደግሞ ወደ ቁርጭምጭሚት ጡንቻዎችና ዳሌን በጎን ወደሚይዘው የመቀመጫ ጡንቻ ይወርዳል። ዕድሜ ሲገፋ ሁሉም በየፊናቸው ጥቂት ጥቂት ይደክማሉ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ድካሙ ላይታወቅ ይችላል፤ በአንድ እግር ሲቆሙ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ሒሳብ ይጠየቃሉ።

ዓይን ምን ያህል እንደሚሸከም ለማየት አንድ ልኬት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣና ጣሪያው 45 ሰከንድ በሆነ የአሜሪካ ልኬት፣ ከ60 እስከ 69 ዓመት የሆኑ ጤነኛ ሰዎች ከሦስት ሙከራ የተሻለው በአማካይ 32 ሰከንድ ገደማ፣ በሰባዎቹ ያሉት 22 ገደማ፣ ከ80 በላይ ያሉት 9 ገደማ ነበር። ዓይን ተጨፍኖ ሲሆን ግን ከ60 በላይ ያሉት በአማካይ ከ5 ሰከንድ በታች ነው የቆሙት። መብራት በጠፋበት ሌሊት ወደ ግቢው መጸዳጃ ቤት ሲወጡ የሚወድቁ አረጋውያን ለምን እንደሚበዙ ከዚህ ይገባዎታል። ዓይን ሲዘጋ፣ ወይም መብራት ሲጠፋ፣ የሚቀሩት ጆሮና እግር ብቻ ናቸው።

የግራና የቀኙን ልዩነት በተመለከተ እኔም ሁለት ጥያቄ ልጠይቅዎት፤ ኳስ የሚመቱት በየትኛው እግር ነው? ግራ ቁርጭምጭሚትዎ ከዚህ በፊት ዞሮ ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ2024 የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ 40 ጤነኛ ሰዎችን ፈትነው፣ ኳስ በማይመታው እግር የመቆም ችሎታ በየዐሥር ዓመቱ 2.2 ሰከንድ፣ በሚመታው ደግሞ 1.7 ሰከንድ እንደሚቀንስ አግኝተዋል። በዚያው ጥናት አረማመድ ከዕድሜ ጋር እምብዛም አልተለወጠም። ስለዚህ በየማለዳው እስከ መጋላ መሄድዎ ለልብዎ እጅግ መልካም ቢሆንም፣ ስለ ሚዛንዎ ሁሉንም አይነግርዎትም።


ምላሽ፦ ስሌት

በምላሹ ላይ አንድ ነገር ለመጨመር እወዳለሁ፤ የሙያዬ ነገር ሆኖ ቁጥር ሲዞር ዝም ማለት አልችልም። እኔ ያየሁት ቪዲዮ "84 በመቶ" የሚል ቁጥር ይዞ ነበር፤ ሥሩ ከተጻፉት አስተያየቶች እንዳየሁት ብዙ ሰው የተረዳው ፈተናውን ከወደቁት መቶ ሰዎች 84ቱ ይሞታሉ ብሎ ነው። ይህ ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው።

በብራዚሉ ጥናት በአጠቃላይ የሞቱት 123 ሰዎች ሲሆኑ ከተፈታኙ ከመቶ 7 ያህል ናቸው። ፈተናውን ካለፉት ከመቶ 4.6፣ ካላለፉት ደግሞ ከመቶ 17.5 ሞተዋል። ይህን ብቻ የተመለከተ ሰው ልዩነቱ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል ይላል፤ ነገር ግን ያላለፉት ሰዎች በዕድሜም የገፉ፣ በጤናም የደከሙ ነበሩ። ውፍረት፣ የልብ ሕመምና የደም ግፊት በእነርሱ ዘንድ ይበዛ ነበር፤ የስኳር ሕመም ፈተናውን ባለፉት ከመቶ 13 ያህል ሲሆን ባላለፉት 38 ነበር። ተመራማሪዎቹ ዕድሜን፣ ጾታን፣ የሰውነት ክብደትንና ነባር ሕመሞችን በስሌት ካስተካከሉ በኋላ የቀረው ልዩነት ነው 84 በመቶ የተባለው፤ ይኸውም አንዱ ወገን 1 ሲሆን ሌላው 1.84 ነው እንደ ማለት ነው። አራት እጥፍ ይመስል የነበረው ወደ ሁለት እጥፍ እንኳ ሳይሞላ ወረደ። የቀረውም ቢሆን የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን አንድን ሰው ነጥሎ "አንተ ይህን ያህል ዓመት ቀርቶሃል" የሚያሰኝ አይደለም።

ደግሞም ተመራማሪዎቹ ራሳቸው እንደ ገለጹት ተፈታኞቹ ሁሉ ነጭ ብራዚላውያን ነበሩ፤ ከዚያ ቀደም ወድቀው ስለማወቃቸው፣ ስለ አመጋገባቸው፣ ስለ ማጨሳቸው፣ ስለ እንቅስቃሴያቸውና ሚዛን ስለሚያዛቡ መድኃኒቶች የተያዘ መረጃ አልነበረም። አብረው የሚሄዱ ሁለት ነገሮች አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ደመና በበዛበት ቀን ጃንጥላ ይበዛል፤ ጃንጥላውን ብንሰበስበው ግን ዝናቡ አይቀርም። በልምምድ ከ6 ወደ 30 ሰከንድ የደረሰ ሰው በዚያው ልክ ዕድሜው ይረዝማል የሚል ማስረጃ ከዚህ ጥናት አይወጣም። የመውደቅ አደጋን በልምምድ መቀነስ ግን የተለየ ጥያቄ ነው፤ በዚያ ላይ ያለው ማስረጃ እጅግ የተሻለ ስለሆነ ለባለሙያው እተወዋለሁ።


ምላሽ፦ የጀጎል ልጅ

ይህን ውይይት ያነበብኩት ስለ እናቴ እያሰብኩ ነው። እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ የስኳር ሕመም ካገኛት ዐሥራ ሦስት ዓመት ሆኗታል። የምንኖረው ጀጎል ውስጥ በአያቶቻችን ቤት ነው፤ የቆየ የሐረሪ ቤት ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው ሳሎኑ ነደባ አለው፤ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የተሠራው መቀመጫ ማለቴ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው መውጣትና መውረድ ማለት፣ አሁን ሳስበው፣ በቀን ስንት ጊዜ በአንድ እግር መቆም ማለት ነው! ማንም ግን በዚያ ዓይን አይቶት አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ከላይኛው ነደባ ስትወርድ ወድቃ የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። የወሰድናት የሕክምና ተቋም ጀሶ አስሮላት ላካት፤ የተሰበረውን አጥንት በሚገባ ጠግነዋል፤ ለምን እንደ ወደቀች ግን አንድም ሰው አልጠየቀም። እኛም አልጠየቅንም። "ወለሉ አዳልጧት ነው" አልን፤ አለቀ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ ሲወልቅ አታውቅም። ከሳሎን ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ስትሄድ አንዱ ነጠላ ጫማ መንገድ ላይ ይቀራል፤ እርሷ በአንዱ ብቻ ትሄዳለች፤ ልጆቹ "እማማ፣ ጫማሽ!" ብለው ሲጠሯት ዝቅ ብላ አይታ ትገረማለች። ብዙ ጊዜ ስቀንበታል። ከላይ ስለ እግር መዳፍ ስሜት የተጻፈውን ሳነብ ግን ሳቄ ጠፋ። እርሷንም በአንድ እግር አቁሜ ልፈትናት? ወይስ የማልነካው ነገር ነው?


ምላሽ፦ ቃለ ዓዋዲ

ለጨዋታ ያህል ካልቆጠራችሁብኝ፣ በአንድ እግር መቆም ሲነሣ እኛ ቤት ቀድሞ ትዝ የሚለን ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ በሥዕላቸውም ላይ ከጸሎት ብዛት የተቆረጠች አንዲት እግራቸው ትታያለች። እርሱ የቅድስና ነገር ነውና ከሰከንድ ጋር አላነጻጽረውም። የምጠይቀው ግን ይህን ነው፦ እኔ 66 ዓመቴ ነው፤ ከወጣትነቴ ጀምሮ ማኅሌት ቆሜ አድራለሁ። ሌሊቱን ሙሉ መቆም ለሚዛን እንደ ልምምድ አይቆጠርም ወይ? ትናንት ስሞክር በመቋሚያ ሆኜ እስከ ፈለግሁት ድረስ ቆምኩ፤ መቋሚያውን ስተው ግን 7 ሰከንድ ነው የቆየሁት።


ምላሽ፦ ፊዚዮ ሐረር

አባታችን፣ መቋሚያው ራሱ መልሱን ሰጥቶዎታል። ሌሊቱን ሙሉ መቆም የእግርን ጽናት ይጠይቃል፤ ነገር ግን ሁለቱም እግሮች መሬት ላይ ናቸው፤ መቋሚያውም ሦስተኛ እግር ነው። ሰውነት የሚለምደው የሚያደርገውን ያንኑ ነገር ነው። ይልቅ ወረቡ ላይ ክብደትን ከእግር ወደ እግር እያዛወሩ መወዝወዙ ለሚዛን የበለጠ የሚቀርብ ይመስለኛል።

የጀጎሏ እኅቴ፣ እባክሽ እናትሽን በአንድ እግር አቁመሽ አትፈትኚያቸው። የነገርሽን የነጠላ ጫማ ነገር ስኳር ነርቭን ሲጎዳ የምናየው የታወቀ ምልክት ነው፤ እግር መሬቱን ካላወቀው ከሦስቱ የወሬ ምንጮች አንዱ ተዘግቷል ማለት ነው። መጀመሪያ መመርመር ያለበት እግራቸው ነው። ባለ 10 ግራም የናይለን ክር መዳፋቸውን በተለያየ ቦታ እየነኩ ይሰማቸው እንደሆነ የሚጠይቁበት ቀላል ምርመራ አለ፤ የስኳር ክትትል በሚያደርጉበት ቦታ እንዲሠራላቸው ጠይቂ፤ ካልጠየቅሽ ሊታለፍ ይችላል። የቫይታሚን ቢ12 ማነስም ተመሳሳይ መደንዘዝ ያመጣል፤ በተለይ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ለብዙ ዓመት የወሰደ ሰው ይህን ማስመርመሩ ተገቢ ነው። እስከዚያው በቤት ውስጥ በባዶ እግርና በነጠላ ጫማ መሄድ ይቅር፤ ተረከዙ የተዘጋ፣ ሶሉ የማይንሸራተት ጫማ ያድርጉ። መዳፋቸውን በየማታው አንቺ ራስሽ እያየሽ ቁስል መኖር አለመኖሩን አረጋግጪ፤ የማይሰማ እግር ቁስሉንም አይናገርም። ከነደባው ጎን ግድግዳው ላይ የሚጨበጥ እንጨት ብታስመቱ የቤቱ መልክ እንደሚበላሽ አውቃለሁ፤ የዳሌ ስብራት ግን ከዚያ የከፋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 684,000 ሰዎች ከመውደቅ በመጣ ጉዳት እንደሚሞቱና ከእነዚህም ከመቶ 80 በላይ የሚሆኑት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች እንደሆነ ይገልጻል። "አዳልጧት ነው" ብለን የምናልፈው ነገር ይህን ያህል ነው።

ወደ ጠያቂው ልመለስ። ልምምዱ መሣሪያ አይፈልግም። ጥርስዎን በመፋቂያ በሚፍቁበት ጊዜ በአንድ እጅዎ የበሩን ጉበን ይዘው በአንድ እግር ይቁሙ፤ ከቀናት በኋላ በሁለት ጣት ብቻ፣ ከዚያም ጣትዎን አቅርበው ሳይነኩ። ጃፓን ውስጥ በተሠራ አንድ ጥናት አረጋውያን በእያንዳንዱ እግር አንድ አንድ ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ እንዲቆሙ ተደርጎ በስድስት ወር ውስጥ የመውደቁ ብዛት ቀንሷል፤ የዳሌ ስብራት ላይ ግን ግልጽ ልዩነት አልታየም። መቆም ብቻውን ስለማይበቃም ከወንበር እጅ ሳይጠቀሙ ዐሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥን፣ ተረከዝ አንሥቶ በጣት መቆምን፣ በወለሉ መስመር ላይ ተረከዝን ከጣት እያገናኙ መራመድን ይጨምሩበት። ለአረጋውያን የሚመከረው እንዲህ ያለውን የሚዛንና የጉልበት እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ማድረግ ነው። ዓይን ጨፍኖ መለማመድን ለብቻዎ ሲሆኑ አይሞክሩት።

የደም ግፊት ክኒንዎን በተመለከተ፣ ከተቀመጡበት ሲነሡ ዓይንዎን የሚያጨልምዎት ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ በራስዎ ግን አያቋርጡት። አልጋ ላይ ሲገላበጡ ቤቱ የሚዞርብዎ ከሆነ የውስጠኛው ጆሮ ነገር ሊሆን ስለሚችል፣ ራስን በተወሰነ መንገድ በማዞር የሚታከም ዓይነት አለ። ሚዛን በድንገት ከጠፋና ከርሱ ጋር ፊት ከተጣመመ፣ አንደበት ከተሳሰረ ወይም አንድ ጎን ከዛለ ግን የልምምድ ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ባጃጅም ሆነ የተገኘው መኪና ተይዞ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።


ጠያቂው፦ ቶርነሪው (ድሬዳዋ)

ከአምስት ሳምንት በኋላ መመለሴ ነው፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንደ ተባልኩት ማለዳ፣ ሊሾው ላይ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ባለቤቴ ሰዓት ይዛ ፈተንኩ። ቀኙ 27፣ ግራው 9 ሆነ። ስለ ቁርጭምጭሚቴ የተጠየቅሁትን ሳነብ ከረሳሁት አርባ ዓመት ያለፈው ነገር ትዝ አለኝ። በወጣትነቴ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ኳስ ስጫወት ግራ ቁርጭምጭሚቴ ዞሮ አብጦ ነበር፤ ወጌሻ አሸኝ፣ እብጠቱ ጠፋ፣ እኔም በሳምንቱ ወደ ማሽኔ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ክብደቴን በቀኝ እግሬ ላይ ጥዬ የመቆም ልማድ እንዳለኝ ያስተዋለችው ባለቤቴ ናት፤ ወረፋ ስጠብቅ እንኳ እንዲሁ ነኝ አለችኝ። ድሬዳዋ የምትገኝ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ሄጄ ቁርጭምጭሚቴን አሳየሁ፤ አጥንቱ ደኅና እንደሆነ፣ ነገር ግን መገጣጠሚያው ያለበትን ቦታ የማወቅ ስሜቱ እንደ ቀኙ እንዳልሆነ ነገረችኝ፤ ልምምዱም እዚህ ከተጻፈው እምብዛም የተለየ አይደለም። ግራው አሁን 16 ደርሷል። አንዳንድ ቀን 11 ላይ ይወርዳል፤ ለምን እንደሆነ ለማወቅ ከበርጫ ማግስት ያለውን ቀን በደብተር ለይቼ መጻፍ ጀምሬያለሁ።

የወዳጄን እኅትም ምሥጢራቸውን ጠየቅኳቸው። ምሥጢር የለም አሉ። ነገር ግን በግቢያቸው የቧንቧ ውኃ ዘንድ ለሶላት ውዱእ ሲያደርጉ አየኋቸው፤ መቀመጫ የለም፤ ቧንቧው ከጉልበት ከፍ ይላል፤ አንዱን እግራቸውን አንሥተው ከቧንቧው ሥር ያደርጉና ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ያጥባሉ፤ ከዚያ ሌላውን። ከልጅነታቸው ጀምሮ በቀን አምስት ጊዜ።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ልጁ ፈተናው ይደገም አለ። እኔ ከፍራሹ ወርጄ ሊሾው ላይ ቆምኩና በግራ እግሬ 13 ሰከንድ ቆየሁ። እትዬን ግን ፍራሹ ላይ እንዲቆሙ ለመንናቸው፤ ልጁ ስምንት ሲል ትከሻዬን ይዘው ወረዱና "ይኼ የናንተ ፍራሽ የሰው መቆሚያ አይደለም" አሉ።